ከአራተኛው ዘፈን በኋላ ምን ነካው?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸ ነው። የጠየቀችኝ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የቡሬ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ የዶርም ጓደኛዬ ወንድም አርች ኢነሚ የሚባል የሜታል ባንድ ያወጣውን ዱምስዴይ ማሽን የሚባል አልበም ፍላሽ ላይ ጭኖ ሰጠኝ። 3ኛውን ዘፈን፣ ኔሚሲስን፣ ሳምንት ሙሉ ደጋገምኩት። ከመሃል በኋላ ግን አንዱ ዘፈን ካንዱ አልለይ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ጣለኝ። ጆሮዬ ስላልለመደ ነው ወይስ አልበሙ ራሱ ወጣ ገባ ነው? ደግሞ ያ ድምፅ እውነት የሴት ነው? ጉሮሮዋ አይበላሽም? እኔስ ብሞክረው?»

ጆሮሽ ደህና ነው። አልበሙ ነው ወጣ ገባ።

በድፍረት የምልሽ ኑሮዬ ድምፅ ስለሆነ ነው። ማርቆስ ላይ ሞንታርቦ አከራያለሁ፣ ሚክሰር ላይ ቆሜ ሰርጉንም ምርቃቱንም አሳልፋለሁ፣ ሲተርፈኝ ጊታር አስተምራለሁ። ይኸን አልበም ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጠርኩትም። ከማርቆስ ባህር ዳር በሚኒባስ ስመላለስ ብቻ ከነኪሳራው በቃሌ ይዤዋለሁ።

ከድምፁ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚያ ነው።

አንድ ጊዜ ደጀን አካባቢ ለሰርግ ሄደን፣ ዳሱ ተጥሎ እንግዳ ገና ሳይገባ፣ ሞንታርቦዎቹን ልፈትሽ ብዬ ኔሚሲስን ለቀቅኩት። ለመፈተሻ የሚመች ዘፈን ነው። ከታች ቤዙና ድራሙ፣ ከላይ ሲምባሉ፣ መሃል ላይ ሁለቱ ጊታሮች ባንዴ ስለሚመጡ የተቀደደ ስፒከር ካለ ወዲያው ይናገራል። የሙሽራው እናት ከወጥ ቤቱ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡና «ይኸ ሰውዬ ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የሚያጓራው?» አሉኝ። «ሰውዬ አይደለም እማማ፣ ሴት ናት» አልኳቸው። ትንሽ ቆመው አዳመጡ። «ታዲያ ምጥ ይዟት ቆማችሁ ትቀዷታላችሁ?»

አዎ፣ ሴት ናት። አንጄላ ጎሶ ትባላለች፣ ጀርመናዊት ናት፣ የኮሎኝ ልጅ። ባንዱ ግን የስዊድን ነው። ማይክል አሞት የሚባል ጊታሪስት በ1995 መሠረተው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ሰውየው ከዚያ በፊት ካርካስ በሚባል የእንግሊዝ ባንድ ውስጥ ነበር። በ1993 የወጣው የካርካስ ሃርትወርክ ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ መንገድ ከጠረጉት አልበሞች አንዱ ነው። የአርች ኢነሚን የመጀመሪያ ሦስት አልበሞች የጮኸባቸው ዮሃን ሊቫ የሚባል ወንድ ነው። በ2000 እሱ ወጣ፣ አንጄላ ገባች፣ በ2001 ዌጅስ ኦፍ ሲን ወጣ። ከሷ በፊትም በሻካራ ድምፅ የሚጮኹ ሴቶች ነበሩ፤ የጀርመኑ ሆሊ ሞሰስ ዘፋኝ ሳቢና ክላሰን ከ80ዎቹ ጀምራ ስታስተጋባ ኖራለች። ግን ሜሎዲክ ዴዝ ሜታል ውስጥ በሩን በርግዶ የገባ የሴት ድምፅ ማን ነው ብትዪኝ የማነሳልሽ አንጄላን ነው።

ሜሎዲክ ዴዝ ሜታል ምንድን ነው ካልሽ፣ ዴዝ ሜታል ላይ ዜማ ሲጨመርበት ነው። ጩኸቱና ፍጥነቱ እንዳለ ሆኖ ሁለት ጊታሮች እንደ ድሮው የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ጎን ለጎን ዜማ ይጫወታሉ። ስሙን ያስጠሩት የስዊድኗ የወደብ ከተማ የጎተንበርግ ልጆች ናቸው። አት ዘ ጌትስና ዳርክ ትራንኩዊሊቲ በ1995፣ ኢን ፍሌምስ በ1996 ያወጧቸው አልበሞች ዛሬም መለኪያ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የሚዘፍነው ሰው አይደለም፣ ጊታሩ ነው። ሰርግ ላይ ፉከራ አይተሽ የለ? ፎካሪው ብድግ ይላል፣ ዱላውን ይነቀንቃል፣ ይንጎራደዳል፣ ይደነፋል። ልብሽን ያሞቀዋል። ግን የሱን ድምፅ ብቻ ለይተሽ «ዜማውን አንጎራጉሪው» ብልሽ ምንም የለሽም። ዜማውን የያዘው ከጎኑ የቆመው ባለማሲንቆ ነው። ማሲንቆው ጥሩ ከሆነ መካከለኛ ፎካሪም ያምርበታል። ማሲንቆው ዝም ካለ ደግሞ ፎካሪው በግጥሙ ብቻ ይቆማል፤ ግጥሙ ካልተሰማ ጩኸት ብቻ ይቀራል። ይኸን ሚክሰር ላይ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። የማሲንቆው ማይክ ተበላሽቶብኝ፣ የሰከረ የሙሽራ አጎት ዳሱ መሃል ብቻውን ሲጮህ፣ ሕዝቡ ወደ ጠላው ዞረ።

አንጄላ ፎካሪ ናት። ማሲንቆው የሁለቱ ወንድማማቾች፣ የማይክልና የክሪስቶፈር አሞት፣ ጊታር ነው። ግጥሙ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሚያጓራ ድምፅ ስለሆነ አንቺ ዘንድ አይደርስም፤ ብዙ እንግሊዞች ዘንድም አይደርስም። እሷ የምትሰጥሽ ቁጣውንና ምቱን ነው። እያንዳንዱ ዘፈን የሚነሳውም የሚወድቀውም ጊታሮቹ ዜማ አላቸው የላቸውም በሚለው ነው።

አንድ ፈተና ልስጥሽ። አልበሙን ስትጨርሺ ኢርፎኑን አውልቂና ከላይብረሪ እስከ ዶርም በእግርሽ ሂጂ። የትኛውን እያንጎራጎርሽ ደረስሽ? ያንጎራጎርሽው የሷን ድምፅ አይሆንም፣ አይቻልምም። የጊታር ዜማ ነው የሚሆነው። እኔ ሁሌ ሦስት ወይ አራት ዘፈን ነው ይዤ የምገባው፤ አልበሙ ግን 11 አለው።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ የኔሚሲስን አዝማች በክራር ልቅዳው ብዬ ተቀመጥኩ። ክራሩን በግማሽ ትዝታ ቃኘሁት። የግማሽ ትዝታ አምስቱም ድምፆች በፈረንጆቹ ማይነር ስኬል ውስጥ አሉ፣ ስለዚህ መንገዱን ግማሽ ድረስ በሰላም ሄድኩ። ማይነሩ ግን ሰባት ድምፅ ነው። አራተኛውና ሰባተኛው እኔ ክራር ላይ የሉም፤ ዜማው እዚያ ሲደርስ ጣቴ የሚይዘው ያጣል። የጎደሉትን በአፌ እየሞላሁ ጨረስኩት። ባለቤቴ ከጓዳ «ይኸ የማን ዘፈን ነው? ደስ ይላል» አለችኝ። ቀን ላይ ከነድራሙና ከነጩኸቱ ስለቀው «ዝጋልኝ» የምትለው ዘፈን መሆኑን አልነገርኳትም። ዜማ አለው ማለት ይኸ ነው። ጩኸቱን፣ ፍጥነቱን፣ ዲስቶርሽኑን ሁሉ ብታወልቂለት በባዶ ክራር ይቆማል።

ስለ ዲስቶርሽኑ ካነሳን፣ እኛ አገር ሰው «ይኸ የሚያጉረመርመው ነገር ምንድን ነው?» ሲለኝ በገናን ነው የማነሳለት። በገና ላይ ከክሩና ከበርኩማው መሃል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ አለች፣ እንዚራ ትባላለች። እሷ ናት ክሩን የምታስነዝረው። ብታወጫት በገናው ይሰማል፣ ግን በገና አይሆንም። የሜታል ጊታርም ያለ ንዝረቱ ራቁቱን ነው። አያቶቻችን ንዝረት ያለው ድምፅ ከባድ ነገር ለመናገር እንደሚሆን ያወቁት ኤሌክትሪክ ሳይመጣ ነው። ሌላም አለ። የሜታል ሪፍ፣ ማለት ጊታሩ የሚደጋግመው አጭር ሐረግ፣ ሲያስፈራራ ብዙ ጊዜ ከመነሻው ድምፅ ወደ ጎረቤቱ፣ ግማሽ እርምጃ ብቻ ከፍ ወዳለው ድምፅ ይረግጥና ይመለሳል። አምባሰልም መነሻው ላይ ያቺው ግማሽ እርምጃ አለችው። እኔ በአምባሰል ያደገ ጆሮ ለዚህ ሙዚቃ ሩቅ አይደለም ባይ ነኝ፤ ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

እሺ፣ ወደ ዘፈኖቹ። 1ኛው ሁለት ደቂቃ ገደማ የሚሄድ፣ የዘፋኝ ድምፅ የሌለበት መግቢያ ነው፣ በር መክፈቻ። 2ኛው፣ ቴኪንግ ባክ ማይ ሶውል፣ በደንብ የተሠራ ነው፤ ሪፉ ይነክሳል፣ ወንድማማቾቹ ሶሎውን ሲቀባበሉ ደግሞ ደስ ይላል። 3ኛውን አንቺው ታውቂዋለሽ። ከበሮው እንደ በረዶ እየወረደ ይጀምርና፣ አዝማቹ ሲደርስ ጊታሮቹ ከጩኸቱ በላይ ወጥተው ዜማውን ዘርጋ ያደርጉታል። ያ ንፅፅር ነው የያዘሽ፤ ታች ጦርነት፣ ላይ መዝሙር። 4ኛው ማይ አፖካሊፕስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መሃሉ ላይ ሁሉም ነገር ጋብ ብሎ ዜማ ብቻ የሚቀርበት ቦታ አለ፣ እዚያ ጋ ድምፁን ከፍ አድርጊው። እስከዚህ ድረስ አልበሙ እንከን የለውም ማለት ይቻላል።

ከዚያ አንድ ነገር ይደክማል። 5ኛው ከባድ ነው፣ ግን ክብደቱ የድንጋይ ነው፤ ይቀመጣል እንጂ አይሄድም። 6ኛው ሁለት ስም ያለው ነው፣ ሲነቃ ጥሩ ነው። 7ኛው፣ ስኬልተን ዳንስ፣ አንቺ እንቅልፍ የወሰደሽ እዚያ ይመስለኛል፤ እኔንም ወስዶኛል፣ ያውም አባይ በረሃ ጠመዝማዛው ላይ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ በሚጓዝበት መንገድ። ሪፉ ጥርስ አለው፣ ምቱ ራስ ያስነቀንቃል፤ በኋላ አንጎራጉረው ብትይኝ ግን ባዶ እጄን ነኝ። ጊታሩ ከበሮ ሆነ፣ ዘፋኟ ከበሮ ናት፣ ከበሮው ራሱ ከበሮ ነው። ታዲያ ማሲንቆውን ማን ይምታ?

8ኛው ላይ ይመጣልሻል። ሃይብሪድስ ኦፍ ስቲል ይባላል፣ ምንም ድምፅ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች እንደ ሁለት ተፎካካሪ አዝማሪ ይመላለሱበታል። አንዱ ይጥላል፣ አንዱ ያነሳል። ከሁለተኛው ግማሽ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። አስቢው እስቲ፤ ሴት ድምፃዊቷ መለያው በሆነ ባንድ፣ ከአልበሙ ሁለተኛ ግማሽ የተሻለው ዘፈን እሷ አፏን ያልከፈተችበት ነው! ይኸን የምለው እሷን ለማሳነስ አይደለም። አብረዋት ያሉት 5ኛ፣ 7ኛና 9ኛው ላይ ዜማውን ይዘውላት ስላልቆሙ ነው።

9ኛው ስድስት ደቂቃ ሊሞላው የተቃረበ ነው፣ ይጎተታል። 10ኛው ርእሱ ጀርመንኛ ነው፣ የሥልጣን ትግል እንደማለት፤ ያልፋል። 11ኛው መዝጊያው ላይ እንደገና ይነቃል፣ ሶሎዎቹም ይመለሳሉ፤ ግን ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ነው የሚያጠፋው።

ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ አጎት ነበሩኝ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት። አንድ ተማሪ ጉባኤ ቃናው አምሮለት ወደ መወድስ ሲወጣ ሲፈርስበት «ሁለቱን ቤት እግዜር ሰጠው፣ ስድስቱን ከየጎረቤቱ ለቅሞ ሞላው» ይሉ ነበር። ይኸ አልበም የሰባት ዘፈን ሐሳብ ይዞ አሥራ አንድ ቤት የሞላ ነው። እኔ ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩት 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 8፣ 6፣ 11 በሚል ተራ ነው። ሞክሪው፤ ሌላ አልበም ይሆናል።

የድምፅ ባለሙያ ስለሆንኩ ስለ ቅጂው ሳልናገር አላልፍም። ሚክሱን የሠራው እንግሊዛዊው አንዲ ስኒፕ ነው፣ በዚህ ዘርፍ ስሙ የገነነ ሰው። ጊታሩ እንደ ቢላ ስል ነው፣ የዳንኤል ኤርላንድሰን ድራም እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል። ንጽሕናው ያስቀናኛል፤ እኔ ዳስ ውስጥ ጄኔሬተር እየጮኸብኝ የማገኘው ነገር አይደለም። ግን ለጆሮዬ የአንጄላን ድምፅ አብዝተው ደራርበውታል። አንዱን መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ አስቀድተው አንዱን ባንዱ ላይ ሲጭኑት ድምፁ ይገዝፋል፣ ሰውየዋ ግን ትጠፋለች። አዝማሪዎችን የሚያውቅ ይኸን ያውቃል። ማይክ እንደጨበጡ መጀመሪያ የሚሉኝ «ኤኮ ጨምርልኝ!» ነው። ጨመርኩ። «አሁንም ጨምር!» ጨመርኩ። በመጨረሻ ድምፁ ዳሱን ይሞላዋል፣ ያ የሚያምር ሻካራው፣ ትንፋሹ፣ ፈገግታው ግን አይሰማም። ዘፈን ለዘፈን የማይለይበት አንዱ ምክንያትም ይኸ ነው፤ ድምፁ ከ2 እስከ 11 አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቷል።

ባንዱም ነገሩ የገባው ይመስለኛል። በ2007 የወጣውን ራይዝ ኦፍ ዘ ታይራንት ስሚ። ድምፁ እርቃኑን ቀርቧል፣ ሲሰነጠቅ ይሰማል፣ ስትተነፍስ ይሰማል። በዚያ ላይ ክሪስቶፈር ተመልሷል። ዱምስዴይ ማሽን ተቀድቶ ካለቀ በኋላ፣ በዚያው በ2005፣ ታናሽ ወንድምየው ከባንዱ ወጥቶ ነበር። ሁለት ወንድማማች አንድ ቤት ሊለያዩ ሲሉ ሙዚቃው ቀድሞ ያውቃል ብል አጋነንክ ትይኝ ይሆናል።

አንድ ጥርጣሬ ግን አለኝ፣ እሱን አጣሪ። ፍላሹ ላይ ያለው ቅጂ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የኖረ፣ ተጨምቆ ተጨምቆ የቀጠነ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ሲምባሉ ነው። «ጽሽሽ» ብሎ ከመጥራት ፈንታ ውኃ ውስጥ እንዳለ «ሽውሽው» ካለብሽ ቅጂው ነው የደከመው። እንዲህ ዓይነት ብዙ ድምፅ የታጨቀበት ሙዚቃ በተጨመቀ ቁጥር መጀመሪያ የሚጎዳው ያ የጊታር ዜማ ነው። ከስልክሽ ስፒከር ደግሞ አትስሚው፣ አደራ። ቤዙ የለም፣ የሚቀረው ጭረት ብቻ ነው።

አሁን ጉሮሮው።

የእናቴ እህት፣ እትዬ እንላት ነበር፣ በአካባቢው የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ልቅሶ ካለ እሷ ሳትመጣ አይጀመርም። ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅሳለች። በማግስቱ ግን ድምፅ የላትም። ሦስት ቀን በሹክሹክታ ነበር የምታወራን፣ ተልባ እየተበጠበጠላት። ለምን? ሐዘኑም እውነት ነው፣ ጩኸቱም እውነት ነው፣ የምትጮኸውም በራሱ በድምፅ አውታሯ ነበር። ማንቁርታችን ውስጥ ሁለት ስስ አውታሮች አሉ፣ ስንናገር የሚርገበገቡት። ሴት ስታወራ በሴኮንድ 200 ጊዜ ገደማ፣ ወንድ ሲያወራ 120 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ። እነሱን አጥብቀሽ እያጋጨሽ ሰዓታት ከጮኽሽ ያብጣሉ። ደጋግመሽ ካደረግሽው ደግሞ እንደ እጅ መዳፍ ይጠጥራሉ፣ ድምፁም እንደተሻከረ ይቀራል።

የሰለጠነ የሜታል ዘፋኝ የሚያደርገው ሌላ ነው። ከእውነተኛዎቹ አውታሮች ከፍ ብሎ ሌላ ጥንድ ወፍራም ሥጋ አለ፣ ሐሰተኛ የድምፅ አውታር ይሉታል። ለንግግር አንጠቀምበትም፤ ስናምጥ፣ ከባድ ነገር ስናነሳ ነው የሚጠጋጋው። የሙሽራው እናት «ምጥ ይዟት» ያሉት በነገር አልሳቱም ማለት ነው። ዘፋኟ ትንፋሹን ከሆዷ ትገፋለች፣ ያ ወፍራም ሥጋ ይንቀጠቀጣል፣ ያ ማጓራት ይወጣል። ዋናው ሸክም ከስሶቹ አውታሮች ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ነው ከወንድ የማትለያት። ሴትና ወንድን በድምፅ የምንለየው በዋናነት በእነዚያ ስስ አውታሮች ነው፤ ማጓራቱን የሚሠራው እነሱ ካልሆኑ ልዩነቱ ይጠባል። የሚቀረው የጉሮሮና የአፍ ስፋት ነው። ደህና አድርገሽ ካዳመጥሽ የአንጄላ ድምፅ ከላይኛው በኩል ስለት አለው፣ ከወንዶቹ ይልቅ ይጠራል። እኔ በዚያ ነው የምለያት።

ይበላሻል ወይ ላልሽው፣ በዘዴ ከተሠራ ዓመታት ይዘልቃል። አንጄላ እስከ 2014 ድረስ አልበም እየቀዳች፣ ዓለምን እየዞረች ጮኻለች። ከዚያ ከማይኩ ራሷ ወርዳ በባንዱ ማናጀርነት ቀጠለች። በቦታዋ የገባችው ካናዳዊቷ አሊሳ ዋይት-ግሉዝ ናት። እሷን ስሚያት በተለይ። ከዚያ በፊት ዘ አጎኒስት ከሚባለው የሞንትሪያል ባንድ ጋር በ2009 ባወጡት አልበም በአንድ ዘፈን ውስጥ ታጓራለች፣ ወዲያው ደግሞ በጠራ ድምፅ ትዘፍናለች። አየሽ፣ እዚያ ጊታሩ ዜማ ቢያጣ እንኳ ዘፋኟ ራሷ ዜማ ይዛ ትመጣለች። ፎካሪዋም ባለማሲንቆዋም አንድ ሰው ሆነች ማለት ነው። የራሱ ጣጣ አለው፣ አንዳንዴ ሁለት ዘፈን የተሰፋ ይመስላል፣ ግን እንቅልፍ አይወስድሽም።

ካርታሽን ላስተካክልልሽ። መጀመሪያ ዌጅስ ኦፍ ሲን፤ ጊታሩ የሚዘፍንበት አልበም ነው፣ ከሁሉም ያን እወዳለሁ። ከዚያ ራይዝ ኦፍ ዘ ታይራንት። ዱምስዴይ ማሽንን በሰጠሁሽ ተራ መሃላቸው አስገቢው። የ2003ቱን አንተምስ ኦፍ ሪቤሊየንን ሰዎች ሲያወድሱት ትሰሚያለሽ፤ እኔ አይመቸኝም፣ ያው ጆሮ ነው።

«እኔስ ብሞክረው?» ላልሽው፣ ሞክሪ። የቡሬ ልጅ እልል ማለት አታጪም፣ እልልታ የሆድ ትንፋሽ ይጠይቃል፣ ግማሹን ሥራ ታውቂዋለሽ። ኮርኒስ እስኪነቃነቅ አትጩሂ። ይኸ ነገር ከሚመስለው በታች ነው የሚሠራው፤ እኔ የማውቃቸው የሚያጓሩ ልጆች ያለ ማይክ ጎረቤት አይሰማቸውም፣ ግዝፈቱ ከማይኩና ከሚክሱ ነው። መጀመሪያ ከባድ ጀሪካን ስታነሺ የሚወጣውን «እህህ» የሚል ድምፅ ፈልጊው። እሱ ነው በሩ። ትንፋሹን ከሆድሽ ግፊ፣ አንገትሽን አታስጨንቂ፣ በመስታወት እያየሽ የአንገትሽ ሥር ከተገተረ ተሳስተሻል። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ለብ ያለ ውኃ አጠገብሽ ይኑር። ከከረከረሽ፣ ካሳለሽ ወይም ካመመሽ ያኔውኑ አቁሚ፤ «ይለምደዋል» የሚባል ነገር የለም፣ የጊታር ጣት ሲጠጥር ይጠቅመዋል፣ ጉሮሮ ሲጠጥር ግን ይበላሻል። በማግስቱ ድምፅሽ ከሻከረ ሦስት ቀን እረፊ። ሁለት ሳምንት ካለፈው የአንገት በላይ (የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ) ሐኪም ይየው።

ቦታውን ግን ምረጪ። ዶርም ውስጥ እንዳትሞክሪው፣ ፕሮክተሯ ጥበቃ ጠርታ በር ታሰብራለች።